መወጣጫው ላይ የተሰጣ ሩዝ

አርፌ መቀመጥ አይሆንልኝም። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ "አንቺ ደግሞ ከመቀመጥ ሌላ ምን ሥራ አለሽ?" የሚሉኝ ደፋሮችም አልጠፉም። እግሬ ባይሄድም እጄ ሥራ አይፈታም። ወይ የዊልቸሬን ጎማ ይገፋል፣ ወይ እስክሪብቶ ይይዛል፣ ሁለቱም ከሌለ የነጠላዬን ዘርፍ ሲቋጥርና ሲፈታ ይውላል። የሥራ ፈተናው ቀን ጠዋት የነጠላዬ ዘርፍ ቋጠሮ ብቻ ሆኖ ነበር። ለባብሼ፣ ወረቀቶቼን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በራፌ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ ጎረቤቴ አየችኝና ሆዴን የቆረጠኝ መስሏት ዝንጅብል ላፍላልሽ ወይ አለችኝ።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው፤ ነበር ልበል እንጂ። ወረታ ውስጥ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ፣ ከጃንጥላ ሥር ተቀምጬ አሥራ አምስት ዓመት ለሰው ጻፍኩ። መሬቱ የተወሰደበት፣ ግብር የበዛበት፣ ወንድሙ ድንበር የገፋበት ሁሉ ከሜዳው እየመጣ ከፊቴ ቁጢጥ ይላል። እኔም ሰምቼ፣ እንባውን ቀንሼ፣ ፍሬ ነገሩን አስቀርቼ "ጉዳዩ" ብዬ እጀምራለሁ። ብዕሬን ሹም ሁሉ ይፈራዋል። አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ የአንቺ ማመልከቻ ከጠበቃ ይበልጣል ብለው መርቀውኝ ያውቃሉ። ችግሩ ክረምት ነው። የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲሞላ ጥቁሩ ጭቃ ጎማዬን አንዴ ከያዘ በቢላዋ ካልተፋቀ አይለቅም። ሦስት ወር ሙሉ ከቤት እውላለሁ፤ ካልጻፍኩ ደግሞ አልበላም።

ስለዚህ ያ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ቃል በቃል እስክሸመድደው አነበብኩት። ጣሪያ ያለው ሥራ ነው፤ ክረምት መጣ ብሎ የማይቋረጥ። የጽሑፍ ፈተናውን በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተፈትኜ አለፍኩ፤ የቃል ፈተናው ብቻ ቀረ። የጥሪ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ የተጨመረች አንዲት መስመር ነበረች፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ ተወዳዳሪ እንደተወ ይቆጠራል ትላለች። ዕረፍት የነሳችኝ እሷ ናት። የቃል ፈተናው የሚሰጠው እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነውና።

የመሥሪያ ቤቱ በረንዳ አምስት ደረጃ አለው። ደጅ ተቀምጬ ለሰው ስጽፍ ደረጃው አያገባኝም፤ የራሴ ጉዳይ ሲያስገባኝ ግን ሁለት ወንዶች ብብቴን ይዘው፣ ሦስተኛው ዊልቸሬን ተሸክሞ ነበር የምገባው። በደግነት ነው የሚያነሱኝ፣ አውቃለሁ። አንድ ቀን ግን ከተሸካሚዎቼ አንዱ፣ መፈልፈያ ቤት ሩዝ የሚጭን ጎልማሳ ነው፣ "ይቺማ ከግማሽ ኩንታል አታልፍም" አለና በረንዳው ላይ የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሁለተኛ በሰው ትከሻ አልገባም ብዬ ማልኩ። በልጅነቴ እናቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ ድረስ አዝላኝ ሄዳለች፤ የልጄ እግር እንደነበረ ቀረ፣ የእኔ ወገብ ግን ዳነ እያለች ትስቅ ነበር። በእናት ጀርባ መታዘል ሌላ ነው። በሩዝ ጫኝ እየተመዘኑ ወደ መንግሥት ቤት መግባት ግን ለጠላትም አይመኙት።

ከዚያ ወዲያ ለራሴ መጻፍ ጀመርኩ። መወጣጫ እንዲሠራልን ስለመጠየቅ እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱ ማመልከቻ መልስ ሳያገኝ ሌላውን አስከተልኩ። በመጨረሻ ሰለቸኋቸው መሰለኝ፣ ሠሩት። በደረጃው ጎን የሲሚንቶ መወጣጫ፣ የብረት መደገፊያ ያለው። ከእግሩ ሥር ደግሞ መሬቱን ለስነው በቢጫ ቀለም አራት ማዕዘን አሰመሩና መሐሉ ላይ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ሣሉ። ቦታው የአካል ጉዳተኛ ማቆሚያ ነው። እኔን የሚያመጣኝ ባጃጅ እዚያ ያወርደኛል፣ ዊልቸሬም እዚያ ዞሮ ሽቅብ ይወጣል። መጀመሪያ ብቻዬን የወጣሁ ዕለት ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ ስወጣና ስወርድ ዋልኩ። ጥበቃው የጠፋብኝ ነገር ያለ መስሎት መሬት መሬቱን እያየ ይፈልግልኝ ነበር።

ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ቦታው ባለቤት በዛበት። የገበያ ቀን አንዱ አህያውን መደገፊያው ላይ አስሮ ሄደ። ባጃጆችም ጥላ ፍለጋ ገቡበት፤ ጥበቃው አባረራቸው። ቀጥሎ የምክትል ኃላፊው ሞተር መጣች፤ እሷን ማን ያባርር? ጥበቃውን ብጠይቀው ሥዕሉን እያሳየኝ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው መሆኑን፣ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ደግሞ ኃላፊ መሆኑን፣ እዚህ ያቁሙ ብሎ ቦታውን የሰጣቸውም ራሱ መሆኑን ነገረኝ። ሳቅሁ። ስቄም ዝም አልኩ። ለማንም ስጽፍ የማልፈራ ሴት ስለዚያች ሞተር አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ ሥራው ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ሰምቼ ነበራ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሞተሯ ገለል ብላ ስትቆም እጅጌዬን ብረቷ እየቧጨረው በጎኗ ተሽሎክልኬ እወጣለሁ። መንገዱን ስትዘጋው ደግሞ ሰውዬው ለመስክ ሥራ እስኪወጡ እጠብቃለሁ። እንዲህ እየሆነ ዓይኔ ለመዳት።

ፈተናው የዋለው ኅዳር ውስጥ ነው። ሩዝ ታጭዶ በሚወቃበት ሰሞን ያለ ወቅቱ ሁለት ቀን ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣችና ከተማው በሙሉ ሩዝ አሰጣ። የአስፓልቱ ዳር፣ የሱቁ በረንዳ፣ የመፈልፈያው ደጃፍ፣ ሸራ ሊነጠፍበት የሚችል ቦታ ሁሉ ሩዝ ለብሷል። ባለባጃጁ አንዲት ፍሬ ላለመርገጥ ወደ ቦዩ ዳር እየወረደ ሲንፏቀቅ እኔ ከኋላው ቶሎ በል፣ ቶሎ በል እላለሁ። ስልኬን አውጥቼ ሰዓት አያለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ደግሜ አወጣለሁ። እህል ልረግጥልሽ ነው ወይ ብሎ ተቆጣኝ። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ግቢው ደረስንና ከበሩ አጠገብ አውርዶኝ ሄደ።

መወጣጫው ከላይ እስከ ታች ሩዝ ተሰጥቶበታል። ከመወጣጫውም ተርፎ ቢጫው ቀለም ድረስ ወርዷል።

እኔ የሜዳው ልጅ ነኝ። አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ አውድማ ገብቶ አያውቅም፤ እኛ ቤት እህል በጫማ መርገጥ ከስድብ የባሰ ነው። የእኔ ጫማ ደግሞ ጎማዬ ነው፣ የመንገዱን እበት ሁሉ ጠቅልሎ የመጣ ጎማ። አውልቄው ልገባ አልችልም። ከመጀመሪያው ፍሬ ሁለት ጣት ሲቀረኝ እጄ በራሱ ጊዜ ጎማውን ያዘው።

ሩዙን ያሰጡት አንዲት አሮጊት እናት ናቸው። መወጣጫው አናት ላይ ተቀምጠው በዘንግ ወፍ ይከላከላሉ። ከጉማራ ወንዝ ዳር ሩዛቸውን በአህያ ጭነው መጥተው፣ መፈልፈያ ቤቱ እርጥብ ነው ይሰባበራል ብሎ መልሷቸው፣ እግረ መንገዳቸውን ለመሬት ደብተራቸው ጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤቱ ጎራ ሲሉ ነው ያን ንጹሕ ሲሚንቶ ያዩት። ጥበቃውን ቢጠይቁት ባዶ ነው ብሎ ፈቀደላቸው። ይህን የሰማሁት ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የሚታየኝ ሩዙና ሰዓቱ ብቻ ነበር።

ጮኽኩባቸው። "እናቴ፣ ይህ የእርስዎ አውድማ ነው? እኔ በየት ልግባ፣ ክንፍ ላብቅል?"

በዚህ ብተወው ደግ ነበር። ስንት ዘመን ለምኜ ያሠራሁት መንገድ መሆኑን ነገርኳቸው። ሰው ሲደኸይ ዓይኑም አብሮ ይጠፋል ወይ አልኩ፤ አዎ፣ ይህን ብያለሁ። በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቀው ባለጉዳይም ተቀበለኝ። አንዱ ነውር ነው አለ፤ ሌላው መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ ስላደረገው ነገር ንግግር ጀመረ፤ አንድ ባለ ክራቫት ደግሞ ሕግ ጠቀሰ። ያን ያህል ተቆርቋሪ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል።

አሮጊቷ ጎማዬን አዩ፣ ሩዙን አዩ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"አላወቅሁም ልጄ" አሉ። "እንደው ሲሚንቶው ንጹሕ ቢሆንብኝ፣ ከብት አይረግጠውም ብዬ ነው። የሰው መንገድ መሆኑን መች አየሁ።"

ወዲያው ተንበርክከው ያፍሱ ጀመር። በመዳፋቸው ይጠርጋሉ፣ በክንዳቸው ይሰበስባሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ እያበሱ ጆንያ ውስጥ ይጨምራሉ። ከተቆጡት መሐል ጆንያውን እንኳ የያዘላቸው የለም። ለዊልቸሬ የሚበቃ መንገድ ሲከፈት ይበቃል አልኳቸው፤ እሳቸው ግን አንዲት ፍሬ ጎማዬ ሥር እንዳትገኝ ብለው እስከ ዳር ጠረጉት። ሲጣደፉ ከዳር ያለው ሩዝ ተንሸራቶ አፈሩ ላይ ፈሰሰ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የቸኮልኩት እኔ ነኝ፣ ያፈሰሱት እሳቸው ናቸው።

መንገዱ ጸዳ። ጎማዬን ያዝኩና ወደ መወጣጫው ገፋሁ። ሞተሯ ፊት ለፊቴ ቆማለች።

ከመጀመሪያውም እዚያው ነበረች። ቢጫው ቀለም ላይ፣ የተሣለውን ሰው ደረት ረግጣ፣ የመወጣጫውን እግር ከዳር እስከ ዳር ዘግታ። አሮጊቷ ሩዛቸውን ያሰጡት በእሷ ጎማዎች ዙሪያ ነው፣ ያፈሱትም ከሥሯ እጃቸውን እየሰደዱ ነው። የፊት ጎማዋ ተጠምዝዞ ተቆልፏል። በጎኗ ድመት ካልሆነ የሚያልፍ የለም። ሩዙ ባይኖርም አልገባም ነበር። ሩዙን ልርገጥ ብልም አልገባም ነበር። እኔ ግን ከባጃጅ ከወረድኩ ጀምሮ ስለሷ ቃል አልተነፈስኩም፤ በረንዳው ላይ ያሉትም አልተነፈሱም።

"ይቺንስ አንሷት እንጂ" አሉ አሮጊቷ ጆንያቸውን እንደያዙ።

ሕግ የጠቀሰው ሰውዬ ስልኩን ያይ ጀመር። ጥበቃው ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰልኝ።

"የምክትል ኃላፊው ናት፣ ቁልፏም እሳቸው ጋ ነው። ዛሬ ከፈታኞቹ አንዱ እሳቸው ናቸው። ልጥራቸው ወይ እታለም?"

ጥራ ካልኩት መጥራቱ ነው፤ ጥበቃው እንዲህ ያለ ነገር አይፈራም። ሰውዬውም ክፉ አይደሉም፤ ምናልባት ይቅርታ ብለው ያነሱልኝ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ገና ሳትቀጠር አለቃ የምታስነሳ ሴት ብለው ስሜን ይይዙታል። ክረምቱ ታሰበኝ፣ ጭቃው ታሰበኝ። ስልኬን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው። በዚያች ደሃ እናት ላይ ሲወጣ የነበረው ድምፄ የት እንደገባ እስካሁን አላውቅም።

"ተው፣ አትጥራቸው" አልኩት።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የምትለዋን ተረት ስንት ሰው ማመልከቻ ውስጥ አስገብቻታለሁ። ባለጉዳዩ ሁሉ ይወዳታል። ያን ዕለት ለማን እንደተተረተች ገባኝ፤ ፊቴን እሳት በላው።

በመስኮት ስም መጥራት ተጀመረ። ከእኔ በፊት ሁለት ሰው አለ፤ አንደኛው ገብቶ ወጣ፣ ሁለተኛውም ገባ። ጥበቃው ያየኛል፣ እኔ መሬቱን አያለሁ። "አንሱኝ በቃ" አልኩ።

ጥበቃውና አንድ ባለጉዳይ ብብቴን ያዙ፣ ሌላው ዊልቸሬን ተሸከመ። በደረጃው ስንወጣ ቀሚሴ ከጉልበቴ በላይ ይሰበሰብ ጀመር። ሁለቱም እጆቼ የሰው አንገት ላይ ናቸው፣ ላወርደው አልችልም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ወዲያው የቀሚሴ ጫፍ ወደ ታች ሲሳብ ተሰማኝ። አሮጊቷ ጆንያቸውን ትተው ከጎኔ እየወጡ ነው። በሁለት እጃቸው የቀሚሴን ጠርዝ ይዘው፣ በየደረጃው ትንፋሽ እያጠራቸው ተከተሉኝ። በረንዳው ላይ ዊልቸሬ ላይ እስክቀመጥ ድረስ አልለቀቁም። ከዚያ እግሬን አለባብሰው "ግቢ፣ እመብርሃን ትከተልሽ" አሉኝ። አመሰግናለሁ ለማለት አፌን ስከፍት ስሜ ተጠራ።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። ስለ ፋይል አያያዝ፣ ስለ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ወደዚያ ቤት ከገባው ደብዳቤ ብዙውን የጻፍኩ ሴት ነኝ፤ መልሱ እንደ ውሃ ወረደልኝ። አንደኛዋ ፈታኝ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነበር የምታዳምጠኝ። ምክትል ኃላፊው የሞተራቸውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ እያሽከረከሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሌሎቹ ሲጨርሱ ፈገግ አሉ።

"መቼም መወጣጫውን ያሠራነው ለእንዳንቺ ዓይነቱ ነው" አሉኝ። "ተመቸሽ?"

እንዲህ ያለ በር ተከፍቶልኝ አያውቅም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ባለጉዳዮቼን ሹሙ ራሱ ሲጠይቃችሁ አትፍሩ፣ ያን ጊዜ ነው መናገር እያልኩ የመከርኩ እኔ ነኝ። ሰውዬው ጠይቀውኛል፤ መልሱም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቁልፉን አየሁት፣ ጣሪያውን አየሁት።

"ተመችቶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኳቸው።

ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ።

ስወጣም በሰው ትከሻ ነው የወጣሁት። አሮጊቷ ከመወጣጫው ጎን አፈሩ ላይ ቁጭ ብለው የፈሰሰውን ይለቅማሉ። ፍሬ በፍሬ እያነሱ፣ አቧራውን እፍ እያሉ ነጠላቸው ላይ ያኖራሉ። አጠገባቸው ደረስኩና ይቅር እንዲሉኝ ለመንኳቸው።

"ምኑን?" አሉ። "ተናደሽ ነው፣ ያናድዳል።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "ነገርሻቸው? ሞተሯ መንገድሽን መዝጋቷን?"

"አዎ" አልኩ። "ነገርኳቸው።"

"ደግ አረግሽ። ለሌላውም ይበጃል" አሉና ወደ ለቀማቸው ተመለሱ።

ሥራውን አገኘሁ። መዝገብ ቤቱ ጣሪያው ደህና ነው፤ ክረምቱን ጭቃ የማይደርስብኝ አንድ ክፍል ተከራይቼ አንድ ቀን ሳልቀር አሳለፍኩት። ወደ ቤቱ የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል፣ ቁጥር የምሰጠውም እኔ ነኝ። ስለ ሞተሯ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ፤ አንዱን እንዲያውም ቁጥር ከሰጠሁት በኋላ ነው። የአሮጊቷን ፋይል ፈልጌ አገኘሁትና በመጡ ጊዜ እንዳላጉላላቸው ብዬ ከሁሉም በላይ አድርጌዋለሁ። እስካሁን አልመጡም። በር በተንኳኳ ቁጥር እሳቸው ይሆኑ እያልኩ ብድግ ማለት የምችል ይመስል እቁነጠነጣለሁ፤ እንዲመጡ እፈልጋለሁ፣ መጥተው ሞተሯን እዚያው እንዳያዩ ደግሞ እፈራለሁ።

ጠዋት ስመጣ መጀመሪያ የማየው ቢጫውን ቀለም ነው። ባዶ ከሆነ ብቻዬን እወጣለሁ። ሞተሯ ካለች ጥበቃው ምንም ሳይጠይቀኝ ሰው ይጠራና ያነሱኛል። አሁን የቤቱ ሠራተኛ ስለሆንኩ የሚስቅ የለም። ቀሚሴን የሚይዝልኝም የለም።